ቫልቩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፦ ከመጥለቃችሁ በፊት የአየር ሲሊንደራችሁን እንዴት እንደምትፈትሹ

እስራኤል ውስጥ ኤላት የባሕር ዳርቻ ላይ ሲሊንደር እየተሸከምኩ፣ ሬጉሌተር (አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፋችን የሚያደርሰውን መተንፈሻ) እየገጠምኩ፣ ጀማሪዎችን እያለበስኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከቤር ሼቫ፣ ከአሽዶድ፣ ከነታንያ የሚመጡ ልጆች አማርኛ እንደምናገር ሲያውቁ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ቫልቩን ከፍቼ ስጨርስ ሩብ ዙር ልመልሰው ወይስ እንዲሁ ልተወው?» ዱባይ ሆነው ፉጃይራ ለመጥለቅ የሚሄዱ ወዳጆቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል።

መልሱ አጭር ነው። እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ እዚያው ተዉት። አትመልሱት።

ምክንያቱ ካልገባችሁ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው «ሩብ ዙር መልሰው» ሲላችሁ ትመልሱታላችሁ። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከመረከብ ጀምሮ ጨርሶ እስከ መፍታት ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ኮርስ ለወሰደ ወይም በመውሰድ ላይ ላለ ሰው ነው። ኮርስ ያልወሰደ ሰው ይህን አንብቦ ብቻውን ውኃ ውስጥ አይግባ።

ጌጁ የማይነግራችሁ ነገር

መጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ጀርባችሁ ላይ ያለው «የኦክስጅን ታንክ» አይደለም። የታመቀ ተራ አየር ነው፣ አሁን የምትተነፍሱት ዓይነት። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ይበልጥ ስትጠልቁ መርዝ ሊሆንባችሁ ይችላል። ስለዚህ ስትከራዩም ስታስሞሉም «አየር» በሉ።

አሁን ወደ ጌጁ። ጌጁ የሚለካው ግፊት ነው። ምን ያህል አየር በፍጥነት ሊያልፍ እንደሚችል አይለካም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አትክልት የምታጠጡበትን ጎማ አስቡት። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ደፍናችሁ ቧንቧውን በጣም በትንሹ ብትከፍቱት ጎማው ቀስ እያለ ይሞላና ይወጠራል። ለሚያየው ሰው ቧንቧው ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ይመስላል። ጣታችሁን ስታነሡ ግን መጀመሪያ ፈሰስ ይልና ከዚያ መንጠባጠብ ይጀምራል።

የሲሊንደር ቫልቭም እንዲሁ ነው። በፀጉር ስፋት ቢከፈት እንኳ አየሩ ቱቦውን ሞልቶ ጌጁ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል። ምድር ላይ ሆናችሁ ብትተነፍሱም ይበቃችሁ ይሆናል። 20 ሜትር ላይ ግን በዙሪያችሁ ያለው ግፊት ምድር ላይ ካለው 3 እጥፍ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየርም 3 እጥፍ ይሆናል። ጠባቡ ቀዳዳ ያን ያህል ማሳለፍ አይችልም። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ የሚገፋው ግፊት ስለሚቀንስ ችግሩ ይብሳል። እናንተ የምታውቁት ትንፋሹ ሲከብድባችሁ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የተሞላ ሲሊንደር፣ የመጨረሻ ምርመራው ጊዜ ያላለፈበት
- ሬጉሌተር ከነጌጁና ከነመለዋወጫ አፉ (ብዙዎቻችን ኦክቶፐስ የምንለው)
- የመንሳፈፊያ ጃኬት
- ሁለት ሦስት ትርፍ ኦሪንግ (አየር እንዳያፈስ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት)፣ ለቫልቩ የሚሆን ትክክለኛ መጠን
- ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ
- ሲሊንደሩን የምታስተኙበት ንጹሕ ምንጣፍ ወይም ሸራ። ኤላት አብዛኛው ሰው ከዳርቻ ስለሚገባ አሸዋ ዋና ጠላታችሁ ነው።
- አብሯችሁ የሚጠልቅ ጓደኛ

ደረጃ በደረጃ

1. ሲሊንደሩን ከመቀበላችሁ በፊት ዙሩት። አንገቱ አካባቢ የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ። ከእነሱ ውስጥ የግፊት ምርመራ የተደረገበት ቀን ይገኛል። በብዙ አገር ይህ ምርመራ በየ5 ዓመቱ ይደረጋል። ውስጡን በዓይን ማየት ደግሞ ብዙ ቦታ በየዓመቱ ነው፣ ለዚያም ስቲከር ይለጠፋል። ደንቡ አገር ከአገር ስለሚለያይ ያላችሁበትን ጠይቁ። ጥልቅ ጭረት፣ የተሰረጎደ ቦታ ወይም የተፋፋ ዝገት ካያችሁ ሌላ ሲሊንደር ጠይቁ። አትፈሩ፣ ከፍላችሁበታል።

2. አስተኙት። ሲሊንደር ቆሞ ሰው ዞር ሲል ይወድቃል። ሲወድቅ የእግር ጣት ይሰብራል፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ ቫልቩ ድንጋይ ሲመታ ነው። 200 ባር የያዘ ሲሊንደር ቫልቩ ከተሰበረ ራሱን እንደ ሮኬት ሊወረውር ይችላል። ተሸክማችሁ ስትሄዱም መኪና ውስጥ ስትጭኑም ሐሳባችሁ ቫልቩ ላይ ይሁን። መኪና ውስጥ እንዳይንከባለል በሁለቱም በኩል አስደግፉት።

3. ኦሪንጉን እዩ። ሬጉሌተሩ ብሎን ባለው ማቀፊያ የሚታሰር (ዮክ የሚባለው) ከሆነ ኦሪንጉ ቫልቩ ላይ ነው። ተሽከርክሮ የሚገባ (ዲን የሚባለው) ከሆነ ኦሪንጉ ሬጉሌተሩ ላይ ነው። በጥፍራችሁ ሳይሆን በጣታችሁ ዳብሱት። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም አሸዋ ከያዘ ቀይሩት። ይህች ትንሽ ጎማ ሳንቲም የምታወጣ ናት፤ ውኃ ውስጥ ስትበጠስ ግን ሲሊንደሩን በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ልታደርገው ትችላለች።

4. ቫልቩን ለአንድ አፍታ ከፈት አድርጋችሁ ዝጉ። ሬጉሌተሩ ገና ሳይገጠም ነው ይህ። መውጫው ወደ ሰው ፊት አይዙር። ፍስስ ብሎ ሲወጣ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ውኃና አሸዋ ጠርጎ ያወጣል። ይህን ካልዘለላችሁ ያ ቆሻሻ ሬጉሌተሩ ውስጥ አይገባም። የሚወጣውን አየርም አሽትቱት። ጥሩ አየር ምንም ሽታ የለውም። የዘይት፣ የጭስ ወይም የጎማ ሽታ ካለው አትጥለቁበት። ከመኪና ጭስ የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ግን ሽታ የለውም። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ውኃ ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሲሊንደር የተነፈሱትንም ሁሉ ንገሯቸው።

5. ሬጉሌተሩን ግጠሙ። የሬጉሌተሩን የአቧራ ክዳን አውጥታችሁ በጨርቅ አድርቁት። ብዙ ሰው ክዳኑን በሲሊንደሩ አየር ይነፋዋል። ጆሮ ያደነቁራል፣ ውኃውንም ወደ ሬጉሌተሩ ሊገፋው ይችላል። ማሰሪያውን በጣት እስኪጠብቅ ብቻ አጥብቁ። የሚያሽገው ኦሪንጉ ነው፣ የክንዳችሁ ጉልበት አይደለም።

6. ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቫልቩ የሚከፈተው እጀታውን ፊት ለፊት እያያችሁ ወደ ግራ ስታዞሩት ነው። ጌጁን መስታወቱ ወደ መሬት ወይም ወደ ሲሊንደሩ እንዲያይ አድርጋችሁ ያዙት፣ ፊታችሁንም አርቁ። ጌጁ ውስጡ ተበላሽቶ ከነበረ መስታወቱ የሚፈነዳው በዚህች ቅጽበት ነው። ቀስ ማለት ያስፈለገው አየሩ በድንገት ሲጋጭ ስለሚሞቅና ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ክፍሎች ስለሚመታ ነው። የሚገባው አየር ድምፅ ጸጥ ሲል እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ሲቆም ተዉት። በጉልበት አታጥብቁት፣ ሩብም አትመልሱት።

የ«ሩብ መመለስ» አደጋ ይኸውላችሁ። ሩብ የሚመልስ ሰው የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ ሊሳሳት ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ሩብ ቢመልስ ምንም አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ሩብ ቢመልስ ግን ቫልቩ ሩብ ዙር ብቻ ተከፍቶ ይቀራል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጌጁም ሁለቱንም 200 ይላቸዋል። ቫልቭ ሁለት ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ ማለትም ሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ ዝግ፣ እጃችሁ ነክቶ ያውቀዋል።

7. ጌጁን አንብቡ፣ አድምጡ። ባር ወይስ ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) መሆኑን መጀመሪያ እዩ። 3000 ፒኤስአይ ወደ 207 ባር ነው። ፍስስ የሚል ድምፅ ካለ ቫልቩን ዝጉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ከዚያ ብቻ ኦሪንጉን ቀይሩ። ግፊት ባለበት ማሰሪያውን ማጥበቅ ክልክል ነው።

የበጋውን ሙቀትም አስቡ። በኤላት ፀሐይ መኪና ውስጥ ውሎ 45 ዲግሪ የደረሰ ሲሊንደር 200 ቢያሳይ፣ 22 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ 185 ገደማ ይሆናል። አልፈሰሰም። እቅዳችሁን ግን በ185 ሥሩ።

8. ጌጁን እያያችሁ ተንፍሱ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ሬጉሌተሩን አፋችሁ ውስጥ አድርጉ። ጌጁን ዓይናችሁ ፊት ያዙ። ሳታቋርጡ 4 ወይም 5 ጊዜ በጥልቀት ተንፍሱ። ከዚያ በኦክቶፐሱ ድገሙት። የጃኬቱን መሙያም ተጭናችሁ መርፌውን እዩ።

- መርፌው ካልተነቃነቀ ቫልቩ ክፍት ነው።
- ስትስቡ ወርዶ ስታስወጡ ወደ ቦታው ከተመለሰ በትንሹ ብቻ ነው የተከፈተው።
- ወርዶ ወርዶ ካልተመለሰ ዝግ ነው። የምትተነፍሱት ቱቦው ውስጥ የቀረውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሊንደሩን ገጣጥመው ከፍተው ያዩታል። ከዚያ «አየሩ እንዳያልቅ» ብለው ዘግተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ጌጁ አሁንም 200 ይላል፣ ቱቦው ውስጥ የታሰረ አየር አለና። ለብሰው ይገባሉ። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይስባሉ፣ ከዚያ የለም። ዝም ብሎ ጌጅ ማየት ስለዚህ አይበቃም። እየተነፈሱ ነው ማየት።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። 15 ሜትር ላይ አብሮኝ የነበረ ልጅ ዓይኑ ፈጠጠ። ጌጁን ያዝኩለት። ሲስብ ከ120 ወደ 40 ይወርዳል፣ ሲያስወጣ ይመለሳል። የኔን ኦክቶፐስ ሰጠሁትና ትንፋሹ ሲረጋጋ ጀርባው ላይ እጄን ልኬ ቫልቩን ነካሁት። በጣም በጥቂቱ ነበር የተከፈተው። ልጁ ራሱ ከመግባቱ በፊት በትክክል ፈትሾ ነበር። ከፈተሸ በኋላ ግን ዳርቻው ላይ የቆመ አንድ ቅን ሰው «ልይልህ» ብሎ ወደ መዝጊያው አዙሮበት ሩብ መልሶለታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ እላለሁ፦ ማንም ሰው ቫልቫችሁን ከነካ፣ እኔም ብሆን፣ የትንፋሹን ፈተና እንደገና ሥሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

9. ከለበሳችሁ በኋላ እርስ በርስ ተፈታተሹ። ከጓደኛችሁ ጀርባ ስትቆሙ እጀታው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ታዩታላችሁ። የእጀታው የላይኛው ጫፍ ከጓደኛችሁ ጭንቅላት ርቆ ወደ እናንተ ሲንከባለል ይከፈታል። ወደ ጭንቅላቱ ሲንከባለል ይዘጋል። ለመፈተሽ ሁልጊዜ ወደ መክፈቻው በኩል ብቻ ግፉት። ካልሄደ ክፍት ነው፣ ተዉት። ወደ መዝጊያው «እስቲ ልየው» አትበሉ። የራሳችሁን ቫልቭ መድረስንም ተለማመዱ። በግራ እጃችሁ የሲሊንደሩን ቂጥ ወደ ላይ ግፉት፣ ቀኝ እጃችሁን በትከሻችሁ ላይ አሻግሩ። ይህን ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው የሚለማመዱት።

10. አየሩን አስሉት። የ12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። 50 ባሩን ለመውጫ ተዉት። የቀረው 150 ሲባዛ በ12፣ 1800 ሊትር ነው። ምድር ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ያስፈልገዋል። 1800 ለ60 ስናካፍል 30 ደቂቃ። ይህ ግን ተረጋግቶ ለሚዋኝ ነው። ጀማሪ፣ የበረደው ወይም የደነገጠ ሰው ከዚህ በጣም ይጨምራል። ሳቲል የተባለችውን የሰመጠች መርከብ ለማየት ጥልቅ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ያጥራል። መመለሻችሁን ከመግባታችሁ በፊት ከጓደኛችሁ ጋር ተስማሙ፣ ለምሳሌ «የማንኛችንም 100 ሲደርስ እንዞራለን» ብላችሁ። የእጅ ምልክቶቹንም አብራችሁ ድገሙ፣ ሰው በተለያየ መንገድ ነው የተማረው።

11. ውኃ ውስጥ ደግማችሁ እዩ። 3 ወይም 5 ሜትር ላይ ቁሙ። ጓደኛችሁ ከቫልቫችሁ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ይይላችሁ። እናንተም ለእሱ። ጌጁን እያያችሁ ሁለቴ ተንፍሱ። ከዚያ በየ5 ደቂቃው ገደማ ጌጁን እዩ፣ ጥልቅ ስትሆኑ ቶሎ ቶሎ።

መርፌው ውኃ ውስጥ መዋለል ከጀመረ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

1. ወዲያው ለጓደኛችሁ ምልክት ስጡና የእሱን ኦክቶፐስ ውሰዱ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጥገና። ቫልቩን ቀድማችሁ ብትነኩትና በተሳሳተ አቅጣጫ ብታዞሩት የነበራችሁንም ትዘጉታላችሁ።
2. ከተረጋጋችሁ በኋላ ጓደኛችሁ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ይክፈተው። በራሳችሁ ሬጉሌተር ጌጁን እያያችሁ ሞክሩት።
3. ተስተካከለም አልተስተካከለም ተያይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። አየሩ ከበቃ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትወጡ ትንፋሽ አትያዙ። ሳንባችሁ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይሰፋል። ከጥቂት ሜትሮች እንኳ ትንፋሽ ይዞ መውጣት ሳንባ ሊቀድ ይችላል።

ጓደኛችሁ ከራቃችሁ አትደንግጡ፣ ሬጉሌተሩን ከአፋችሁ አታውጡ። ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ወደ ላይ ጀምሩ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አንድ ትንፋሽ የሚፈልገው አየር ስለሚቀንስ ያ ጠባብ ቀዳዳ እንደገና ሊበቃችሁ ይችላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«ትናንት ፈትሼዋለሁ» ማለት። በጠለቃችሁ ቁጥር ነው የሚፈተሸው፣ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር።

ጌጁ ተፈትቶ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን አለማየት። ያለ ግፊት 15 የሚያሳይ ጌጅ መጨረሻ ላይ ሲዋሻችሁ ይኖራል። አስቀይሩት።

ቫልቩን ከሲሊንደሩ ራሱ ለመፍታት መሞከር። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የቫልቭ ጥርሶች መጠን የተለያየ ነው። የሚቀራረቡ ሁለት መጠኖች የተገጣጠሙ መስለው ይገባሉ፣ ሲሊንደሩ ሲሞላ ግን ቫልቩ ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል። ሰው በዚህ ሞቷል። ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው።

ሲሊንደሩን እስከ ዜሮ መጨረስ። ባዶ ሲሆን ውኃ ይገባዋል፣ ውስጡን ይበላዋል። ሁልጊዜ ጥቂት ባር ይቅርበት።

ስትጨርሱ

ቫልቩን ዝጉ፣ በሁለት ጣት ጉልበት። ሲዘጋ የሚያሽገው ለስላሳ ነገር ስለሆነ በኃይል ከተጠመዘዘ ይጎዳል፣ በሚቀጥለው ቀን ይፈስሳል። ከዚያ የሬጉሌተሩን የመሃል ቁልፍ ተጭናችሁ ጌጁ ዜሮ እስኪል አየሩን አስወጡ። ማሰሪያው አልፈታ ካላችሁ ግፊት አለ ማለት ነው፤ አትታገሉት፣ እንደገና አስወጡ። የደረቀውን የአቧራ ክዳን ግጠሙና ሬጉሌተሩን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። የጨረሳችሁትን ሲሊንደር ከተሞሉት ለይታችሁ አስተኙ። ስታስረክቡም ያስቸገራችሁ ነገር ካለ፣ የከበደ እጀታም ሆነ የምትፈስስ ኦሪንግ፣ ለተረካቢው በቃል ንገሩት። ቀጥሎ የሚወስደው ሰው ያንን አያውቅም።